ጥያቄው ከዲግሪው በፊት ነበረ

አንድ የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር በቴሌቪዥን ውይይት ላይ ሲቀርብ አስተዋዋቂው በቅድሚያ የሚያነበው የትምህርት ማስረጃውን ነው። የመጀመሪያ ዲግሪውን ከዚህ፣ ሁለተኛውን ከዚያ፣ ሦስተኛውን ባሕር ማዶ ካለ ዩኒቨርሲቲ ተባለና ታለፈ። ሰውየው ኢኮኖሚክስን ለምን እንደመረጠ፣ ምን እንደሚያንገበግበው፣ የትኛውን ጥያቄ ይዞ እንደሚያድር የሚጠይቀው የለም። ከዚያ ወሬው የዕድገት ምጣኔ፣ የግሽበት መቶኛ፣ የውጭ ምንዛሪ ክምችት ይሆናል። ሽንኩርትና ዘይት ልትገዛ ወጥታ ዘንቢሏን ግማሽ እንኳ ሳትሞላ የተመለሰችው እናት ሳትነሳ ፕሮግራሙ ያልቃል።

የትምህርት ማስረጃ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ሳይማሩ ስለ ኢኮኖሚ የሚተነትኑ ሰዎች በበዙበት ዘመን የተማረ ሰው መፈለግ ተገቢ ነው። ነገር ግን ማስረጃው የሚናገረው ሰውየው የት የት እንደነበረ ብቻ ነው። ለትምህርቱ ያለው ፍቅር ከየት እንደመጣና ለማን እንደሚውል የሚናገረው የያዘው ጥያቄ ነው። ለዚህ ከህንዳዊው ፕሮፌሰር ከአማርትያ ሴን የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። ምሳሌነታቸው ደግሞ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም፤ ስማቸውን በዓለም ካስጠሩት መጻሕፍት በአንዱ ውስጥ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ስለ ኢትዮጵያ ረሃብ፣ በተለይም ስለ ወሎ የሚተርክ ነው።

በመጀመሪያ አስተዋዋቂው የሚያነበውን ዝርዝር እናንብብ ቢባል እንዲህ ይላል (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1933 ቤንጋል ውስጥ ሻንቲኒኬታን በተባለች ስፍራ ተወለዱ። ካልካታ በሚገኘው ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ ተማሩ። በ1953 ወደ ካምብሪጅ ትሪኒቲ ኮሌጅ ሄደው በ1955 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ በ1959 ዶክትሬታቸውን አገኙ። ገና 23 ዓመት ሳይሞላቸው በካልካታ አዲስ በተከፈተው የጃዳቭፑር ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰርና የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሆኑ። ከዚያ ዴልሂ፣ ለንደን፣ ኦክስፎርድ፣ ሃርቫርድ። በ1998 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ፤ በዚያው ዓመት የተማሩበትን ትሪኒቲ ኮሌጅ በበላይነት እንዲመሩ ተሾሙ።

ዝርዝሩ ትክክል ነው፤ ያስደንቃልም። ሰውየውን ግን አያሳይም።

ሰውየውን የሚያሳየው አንድ ባዶ የሲጋራ ቆርቆሮ ነው። በ1943 ቤንጋልን ረሃብ ሲመታት አማርትያ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ፤ የሚኖሩት ሳንስክሪት ያስተምሩ ከነበሩት አያታቸው ዘንድ፣ ባለቅኔው ራቢንድራናት ታጎር ባቋቋመው ትምህርት ቤት ግቢ ነው። መጀመሪያ አንድ በረሃብ አእምሮው የተናወጠ ሰው ወደ ግቢው መጣ። ቀጥሎ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ምግብ ይገኛል ወደተባለበት ወደ ካልካታ ሲጓዙ በመንገዱ ማለፍ ጀመሩ። አያትየው ለልጁ የሲጋራ ቆርቆሮ ሰጡት፤ ለሚለምን ቤተሰብ ሁሉ በዚያ ቆርቆሮ አንድ ስፍር ሩዝ እንዲሰጥ ፈቀዱለት፤ ለሁሉም እንዲዳረስ ግን ከአንድ ስፍር በላይ እንዳይሆን አሳሰቡት።

ሴን ከዓመታት በኋላ ደጋግመው የሚያነሱት ግን ከዚያ የባሰውን ነገር ነው። ከክፍል ጓደኞቻቸው፣ ከዘመዶቻቸው፣ ከሚያውቋቸው ቤተሰቦች መካከል ረሃቡ የነካው አንድም ሰው አልነበረም። ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ሕዝብ በረገፈበት አገር የመምህራን፣ የነጋዴዎችና የመንግሥት ሠራተኞች ልጆች እንደወትሮው በልተው ያድሩ ነበር። የሞቱት መሬት የሌላቸው የገጠር የቀን ሠራተኞች፣ ዓሣ አጥማጆችና መሰሎቻቸው ናቸው። አንድ አገር ተራበ ሲባል እውነት አገሩ ነው የሚራበው? ወይስ በአገሩ ውስጥ የተወሰኑ ሰዎች? ልጁ ይህን ጥያቄ በዚያ ዕድሜው በኢኮኖሚክስ ቋንቋ አልጠየቀውም። ያየውን ግን አልረሳም።

ሌላም ቀን ነበር። ከህንድ መከፋፈል በፊት ሂንዱዎችና ሙስሊሞች እርስ በርስ በሚተራረዱበት ወቅት፣ ዳካ ውስጥ አንድ ሙስሊም የቀን ሠራተኛ ጀርባው ላይ በጩቤ ተወግቶ እየጮኸ ወደ ሴን ቤተሰብ ግቢ ገባ። ልጁ ውኃ ሰጠው፤ አባት ወደ ሐኪም ቤት ወሰዱት፤ ሰውየው ግን አልተረፈም። እያጣጣረ የተናገረው ነገር ነበር፦ ሚስቱ ወደዚያ ሰፈር አትሂድ ብላው ነበር፤ ልጆቹ የሚበሉት ስላልነበራቸው ሥራ ፍለጋ ሄደ። ድህነት ኪስን ባዶ ከማድረግም በላይ የሰውን ምርጫ ነጥቆ ወደ ሞት ሰፈር እንደሚልከው ሴን የተማሩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዚህ ሰው ነው።

እንዲህ ሲባል ሴን በልጅነታቸው ኢኮኖሚስት ለመሆን ቆርጠው ተነሱ የሚል ተረት ማውራት አይገባም። ተማሪ ሳሉ መጀመሪያ ሳንስክሪት፣ ቀጥሎ ሒሳብ፣ ከዚያም ፊዚክስ ማርኳቸው ነበር። ኢኮኖሚክስ ጋ የደረሱት በመጨረሻ ነው። የማይለወጥ የነበረው አስተማሪና ተመራማሪ የመሆን ምኞታቸው ብቻ ነው። ይህ በተለይ ዛሬ በምደባ የማይፈልጉት ትምህርት ክፍል የደረሳቸውን ተማሪዎች ሊያጽናና ይገባል። የትምህርት ፍቅር ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ቀን አይጀምርም፤ የቆየ ጥያቄና ተስማሚ መሣሪያ ሲገናኙ የሚወለድበት ጊዜ ብዙ ነው።

ፍቅሩ ሲፈተንም ነበር። በ18 ዓመታቸው ላንቃቸው ላይ እብጠት አገኙ። ሐኪሞች አቅልለው ሲያዩት እሳቸው የሕክምና መጻሕፍት አንብበው ካንሰር መሆኑን ጠረጠሩ፤ ጥርጣሬያቸውም ልክ ሆነ። አምስት ዓመት የመኖር ዕድላቸው 15 በመቶ ያህል እንደሆነ ተነገራቸው፤ ከባድ የጨረር ሕክምናም ወሰዱ። ከዚያ በኋላ ካምብሪጅ ሄደው ተማሩ። ወጣቱ ፕሮፌሰር ጃዳቭፑር ሲሾሙ ተቃዋሚዎች ግድግዳ ላይ ከሕፃን አልጋ ተነጥቆ የመጣ ፕሮፌሰር አድርገው ስለዋቸው ነበር፤ ሴን ይህን ቅር ሳይላቸው እየሳቁ ነው የሚያወሩት። ቀጥሎ ትሪኒቲ ኮሌጅ ያሻቸውን እንዲያጠኑ የአራት ዓመት ነፃነት ሲሰጣቸው የመረጡት ፍልስፍና ነው። ለብዙ ሰው ይህ ጊዜ ማባከን ይመስላል። ኢኮኖሚስት የሆነ ሰው ፍልስፍና ምን ያደርግለታል?

ያደረገላቸው ነገር የታየው በ1981 ነው። «ድህነትና ረሃቦች» ሊባል የሚችለው መጽሐፋቸው የታተመው ቆርቆሮዋን ከያዙበት ጊዜ ከ38 ዓመት በኋላ ነው። መጽሐፉ የቆየውን እምነት ተጋፈጠ። እምነቱ ረሃብ የሚመጣው ምግብ ሲጠፋ ነው የሚል ነበር። ሴን የቤንጋልን መረጃ ሲያገላብጡ በ1943 የነበረው የምግብ አቅርቦት ካለፉት አምስት ዓመታት አማካይ የቀነሰው በ5 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ አገኙት፤ ረሃብ ካልነበረበት ከ1941 ደግሞ ይበልጥ ነበር። ምግቡ ነበረ። የጦርነቱ ወጪ በካልካታ ገንዘብ አፈሰሰ፤ የሩዝ ዋጋ ተሰቀለ፤ የገጠሩ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ግን ባለበት ቆመ። የከተማው ሰው በድጎማ ሲቀለብ የገጠሩ ሰው ገበያው ፊት ቆሞ ሞተ።

ስለዚህ ሴን ጥያቄውን ገለበጡት። ስንት ኩንታል ተመረተ ከማለት ይልቅ፣ እያንዳንዱ ሰው ባለው መሬት፣ ከብት፣ ጉልበት ወይም ገንዘብ፣ በሚኖርበት ኅብረተሰብ ሕግ መሠረት ምን ያህል ምግብ እጁ ማስገባት ይችላል ብለው ጠየቁ። ይህን «ኢንታይትልመንት» አሉት፤ በቀላሉ የማግኘት አቅምና መብት ማለት ነው። መብት የሚለው ሐሳብ ከፍልስፍናው፣ ስሌቱ ከሒሳቡ፣ ጥያቄው ከሲጋራ ቆርቆሮዋ የመጣ ነው።

የወሎ ምዕራፍ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከሌሎቹ ሁሉ የሚከብደው ለዚህ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ድርቅ ነበረ፤ የአካባቢው ሰብልም ወድሟል፤ ሴን ይህን አልካዱም። ነገር ግን በአገር አቀፍ ደረጃ የነበረው ምርት እንዲያ ዓይነት እልቂት የሚያመጣ መቀነስ አላሳየም። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ሰው እንደሚገምተው ጣራ አልነካም። ጭራሽ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይወጣ እንደነበር የሚገልጹ ዘገባዎች ነበሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የገበሬው ሰብል ሲጠፋ የሚበላው ብቻ ሳይሆን የሚሸጠውም አብሮ ጠፋ። የሚሸጥ የሌለው ሰው መግዛት አይችልም። ገዢ በሌለበት ዋጋ አይጨምርም፤ ዋጋ ባልጨመረበት ደግሞ ነጋዴ እህል አያመጣም። ረሃብተኛው ዝም ያለ ገበያ መሐል ሞተ። አፋሩም ድርቁ ብቻ አይደለም የጎዳው። በአዋሽ ሸለቆ ከብቱን የሚያሰማራበት ምርጥ መሬት ለጥጥና ለስኳር እርሻዎች ተወስዶበት ነበር፤ የቀሩት ከብቶች ደግሞ ሲሸጡ የሚገዙት እህል እያነሰ ሄደ።

የዚያ ረሃብ ሟቾች ግምት ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይደርሳል። የዘውዱ መንግሥት ሊሸፋፍነው ሲሞክር የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ድምፃቸውን አሰምተዋል፤ ቀጥሎም የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ለዓለም አሳየው። ሴን በኋላ ነፃ ፕሬስና ተጠያቂ መንግሥት ባለበት አገር ትልቅ ረሃብ አይደርስም ሲሉ የተከራከሩት እንዲህ ዓይነት ታሪኮችን ይዘው ነው። ህንድ ከነፃነቷ በኋላ ድርቅ ቢፈራረቅባትም እንደ ቤንጋሉ ያለ እልቂት አላየችም፤ ቻይና ግን ከ1958 እስከ 1961 ጋዜጣ በሌለበት በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ አጣች።

ሴን ያሉት ሁሉ እንከን የለውም ማለት አይደለም። የአማርኛ አንባቢ ስማቸውን በደንብ የሚያውቀው ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም፣ የጂኦግራፊ ሊቅ እንደመሆናቸው፣ የኢትዮጵያን ገጠር ለረሃብ ተጋላጭነት ባጠኑበት መጽሐፋቸው ከገበያው ይልቅ ገበሬውን አራቁቶ ያስቀረውን አገዛዝና የአመራረት ሥርዓት ፊት ለፊት አምጥተውታል። አሌክስ ደ ዋል ደግሞ ዳርፉርን አጥንቶ ረሃብተኛ ሰው ዘሩንና ከብቱን ላለመሸጥ ሲል ሆን ብሎ እንደሚራብ፣ የሚገድለውም ብዙ ጊዜ በሽታ እንደሆነ አሳየ። መንገድ በጦር ሲዘጋ፣ እህል ሲቃጠልና ሲዘረፍ የገበያ ስሌት ብቻውን በቂ አይደለም፤ የሰሜኑን ጦርነት ያየ ኢትዮጵያዊ ይህን አስረጂ አያሻውም። ነገር ግን ክርክሩ ሁሉ የሚካሄደው ሴን በከፈቱት በር ላይ ቆሞ ነው፤ ሁሉም የሚጠይቀው ማን፣ ለምን ማግኘት አልቻለም የሚለውን ነው።

ለትምህርት ያለ ፍቅር ምን እንደሚመስል ለማየት ደግሞ ወደ ስቶክሆልም የኖቤል ሙዚየም መሄድ ይበቃል። ሙዚየሙ ከተሸላሚዎች መታሰቢያ ሲጠይቅ ሴን ከሰጡት ነገር አንዱ አሮጌ ብስክሌታቸው ነው። በዚያች ብስክሌት እየዞሩ የቤንጋል ረሃብ ዘመንን የደመወዝና የዋጋ መዝገብ ከየጓዳው ሰብስበዋል፤ የሻንቲኒኬታን አካባቢ መንደሮችን ሕፃናትም መዝነዋል። ረዳታቸው ጥርስ ያበቀሉት ሕፃናት እንዳይነክሱት ስለፈራ ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ይመዝኑ ነበር። ወንዶቹንና ሴቶቹን አነጻጽረው የሴቶቹ ልጆች ሁኔታ እየቆየ የባሰ እንደሚሆን አዩ። በ1990 በዓለም ላይ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሴቶች እንደጎደሉ፣ ማለትም እኩል እንክብካቤ ቢያገኙ ኖሮ በሕይወት ይኖሩ እንደነበር የጻፉት ታዋቂ ጽሑፍ ሥሩ ያለው እንዲህ ባለው ሥራ ላይ ነው። መድረክ ላይ ድምፅን ከፍ አድርጎ መናገር ቀላል ነው። የትምህርት ፍቅር ዋና ምልክቱ፣ የኦክስፎርድና የሃርቫርድ ወንበር ያለው ሰው የሚነክስ ሕፃን ለመመዘን በብስክሌት መሄዱ ነው።

ይህ ሁሉ ዛሬ ለኢትዮጵያ ምን ይጠቅማል? በ2015 ዓ.ም. መንግሥት ስንዴ ወደ ውጭ መላክ መጀመሩን በይፋ አበሰረ። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ከ20 ሚሊዮን በላይ ኢትዮጵያውያን የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልጋቸው ይናገር ነበር። በማኅበራዊ ሚዲያ ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ወገን ስንዴው ውሸት ነው አለ፤ ሌላው ረሃቡ ውሸት ነው አለ። የሴንን መጽሐፍ ያነበበ ሰው ግን ሁለቱም አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ያውቃል። ስንዴ በባሌ ሜዳ ተትረፍርፎ፣ በሌላ ወረዳ ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደርና ከቀዬው የተፈናቀለ ገበሬ ሊራብ ይችላል። ለእነዚህ ሰዎች የአገሪቱ የስንዴ ምርት ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ክርክር ስንት ኩንታል ተመረተ የሚለው ብቻ ሊሆን አይገባም። ማን መግዛት ይችላል? ማን አይችልም? ለምን?

የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተወሰነ በኋላ ያለው ወሬም ያው ነው። ላኪው ተጠቀመ፣ ክምችቱ ጨመረ የሚል ዘገባ እውነት ሊሆን ይችላል። ቋሚ ደመወዝተኛው፣ ጡረተኛው፣ ቀን ሠርቶ ቀን የሚበላው ሰው ግን የቤንጋሉ የቀን ሠራተኛ የቆመበት ቦታ ላይ ነው የቆመው፦ ዋጋው ይወጣል፣ ገቢው ባለበት ነው። ሱቁ ሙሉ ነው፤ መደርደሪያው የሚያሳየው ምርቱን ነው፣ የሰውየውን ኪስ አያሳይም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የሴፍቲኔት ፕሮግራም ለደሃው ገበሬ በሥራ መልክ ገንዘብ ወይም እህል መስጠቱ ይህን እውነት መቀበል ነው። ከተማ ውስጥ በደመወዝ የሚኖረውን ሰው የሚመለከት ተመሳሳይ ጥያቄ ግን በባለሙያዎች አንደበት በበቂ ሁኔታ ሲነሳ አይሰማም።

ጥፋቱ የፕሮፌሰሮቹ ብቻ አይደለም። ደመወዙ የቤት ኪራይ የማይችል መምህር ጥያቄ ይዞ ለአርባ ዓመት ይቆይ ማለት ጭካኔ ነው። ሴን የምሁራን ቤተሰብ ልጅ ነበሩ፤ አባታቸው ኬሚስትሪ አስተማሪ፣ አያታቸው የሳንስክሪት ሊቅ ናቸው፤ አራት ዓመት ያሻህን አጥና የሚል ኮሌጅም አግኝተዋል። ይህ ዕድል ለሁሉም አይደርስም። ግን ጥያቄ ለመያዝ ኖቤል አያስፈልግም። ደሴ፣ ጅማ ወይም ሐዋሳ የሚያስተምር ወጣት መምህር ተማሪዎቹን የፍላጎትና የአቅርቦት መስመር በሰሌዳ ላይ ካስሣለ በኋላ ቅዳሜ ገበያ ልኮ፣ አንዲት የቀን ሠራተኛ በአንድ ቀን ገቢዋ ዘንድሮ ስንት ኪሎ ጤፍ እንደምትገዛ፣ አምና ስንት ትገዛ እንደነበር ጽፈው እንዲመጡ ማዘዝ ይችላል። ይህ በጀት አይጠይቅም። ብስክሌትም ላያስፈልግ ይችላል።

አስተዋዋቂውም የራሱ ድርሻ አለው። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር ሲጋብዝ የዲግሪዎቹን ዝርዝር አንብቦ ሲጨርስ አንድ ጥያቄ ይጨምር፦ «ፕሮፌሰር፣ ይህን ትምህርት እንዲወዱት ያደረገዎት ምን አይተው ነው?» መልስ ያለው ሰው በዓይኑ ይታወቃል። መልስ የሌለው ደግሞ ወደ መቶኛው ይመለሳል፤ ያኔ ተመልካቹ ማንን እንደሚያዳምጥ ራሱ ይወስናል።